ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር፤ ግማሽ ሰዓት ወይስ አንድ ሰዓት?



በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ውስጥ ሳይጠየቅ የማይታለፍ አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ። እንዲህ ይላል፦ «በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት 330 ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ከአንዱ ተነስቶ ከሌላው ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?» ተማሪው 330ን ለ660 ያካፍላል፤ ግማሽ ሰዓት ያገኛል፤ አስተማሪውም በቀይ እስክሪብቶ ራይት ያደርግለታል። ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል።

ቁጥሮቹን ግን ዝም ብለን አላመጣናቸውም። 330 ኪሎ ሜትር ማለት ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ባሕር ዳር ያለው የአየር ርቀት ነው፤ ትንሽ ቢያልፈው ነው። 660 ደግሞ ለአገር ውስጥ በረራ የሚያገለግለው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ የሚበርበት ፍጥነት ነው። እንግዲህ ማካፈሉ ትክክል ከሆነ ከቦሌ ባሕር ዳር 30 ደቂቃ መሆን ነበረበት። የበረራ ሰሌዳው ግን አንድ ሰዓት ያህል ይላል። የሄደ ሰው ሁሉ የሚነግራችሁም አንድ ሰዓት ነው። ታዲያ ሌላው ግማሽ ሰዓት የት ገባ?

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳን ጉዳይ ቀላል አይደለም። በማስተማር ልምምዳችን ወቅት ከመካከላችን አንዱ ይህንኑ ጥያቄ የቦሌንና የባሕር ዳርን ስም አስገብቶ በሰባተኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈው። ልጆቹ ሠርተው «ሠላሳ ደቂቃ!» ሲሉ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፤ እኔ ከእናቴ ጋር ሄጃለሁ። አንድ ሰዓት ነው የፈጀብን» አለች። አንዱ ልጅ «ተኝተሽ ይሆናላ!» ሲላት ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ጓደኛችን «አንቺም ልክ ነሽ፤ ሒሳቡም ልክ ነው፤ ምክንያቱን ነገ እናየዋለን» ብሎ ሳይጨርስ ደወል ተደወለ። ልጅቷ ያን ጊዜ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር።

ነገሩን ካሰባችሁት ያቺ ልጅ በፈተና ላይ «አንድ ሰዓት» ብላ ብትጽፍ ኤክስ ነው የሚገባላት። እውነት ተናግራ ዜሮ ታገኛለች ማለት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ያየችውን ለመናገር እጇን አታወጣም። ስለሆነም ለነገው ትምህርት ማታውን አምስት ሆነን ተቀምጠን የሠራነውን፣ ከዚያም በኋላ የጨመርንበትን፣ ሌሎቻችሁም ትጠቀሙበት ዘንድ እነሆ ለጥፈነዋል።

መጀመሪያ ርቀቱን እንያዝ። «ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው የሚመልሰው 565 ኪሎ ሜትር ብሎ ነው። ልክ ነው፤ ግን ያ በደብረ ማርቆስ በኩል የሚሄደው የመኪና መንገድ ነው። እኛ ካለንበት ከዊንጌት ጎጃም ልሂድ ያለ ሰው በአዲሱ ገበያ በኩል እንጦጦን ይወጣል፤ ሱሉልታ ይወርዳል፤ ሰላሌን አቋርጦ ጎሐ ጽዮን ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የአባይ በረሃ ይመጣል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን በአየር ቢለካ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ሽቅብ ሲወጣ በመጠማዘዝ ብቻ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እጥፍ መሆኑ ነው። ከደጀን ወዲያ ደግሞ የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከፊት ቆሟል። መንገዱ እሱን ወደ ቀኝ ትቶ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዳንግላ ዞሮ ነው ባሕር ዳር የሚገባው።

አሁን ማስመሪያ አምጡና በካርታ ላይ ቦሌንና ባሕር ዳርን በቀጥታ መስመር አገናኙ። መስመሩ የአባይን ሸለቆ የሚሻገረው በዚያው በጎሐ ጽዮንና በደጀን አካባቢ ነው፤ ከዚያም ሳይዞር በጮቄ ላይ ያልፋል። ይህን ልጆቹ ራሳቸው በካርታ ላይ እንዲያገኙት ማድረግ ጥሩ ነው፤ እኛ ነግረናቸው ከሚሰሙት ይልቅ ደስ ይላቸዋል። በግድግዳ ካርታ ላይ የሚገኘው መስፈርት አንድ ለ2,000,000 ከሆነ አንድ ሴንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር ነው። መስመሩ 16 ተኩል ሴንቲ ሜትር ከምንም ያህል ፈቀቅ ሲል ወደ 333 ኪሎ ሜትር ይሰጣል።

ካርታ የሌለበት ትምህርት ቤት ብንመደብስ? ብዙዎቻችን የምንመደበው እንዲያ ያለ ቦታ ሊሆን ይችላል። ችግር የለውም፤ የሁለቱን ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ማወቅ ይበቃል። ቦሌ 8°59′ ሰሜን፣ 38°48′ ምሥራቅ ላይ ነው። የባሕር ዳር ማረፊያ 11°36′ ሰሜን፣ 37°19′ ምሥራቅ ላይ ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ለ360 ዲግሪ ሲካፈል አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል። (የምድር ዙሪያ እንዲህ ሙሉ ቁጥር የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ፈረንሳዮች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1790ዎቹ ሜትርን ሲፈጥሩ ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ርቀት ለአሥር ሚሊዮን ከፍለው ስለሆነ ነው። ይህን ለልጆች መንገር አይከፋም።)

ለኬክሮስ 111 ሁሌም ይሠራል። ኬንትሮስ ግን መስመሮቹ ወደ ዋልታ ሲሄዱ እየተጠጋጉ ስለሚሄዱ አንድ ዲግሪው ያንሳል። በምድር ወገብ 111 የነበረው በ60 ዲግሪ ላይ ግማሽ ብቻ ይሆናል። በእኛ አገር በ10 ዲግሪ አካባቢ 109 ነው። እንግዲህ፦

ወደ ሰሜን፦ 11°36′ − 8°59′ = 2°37′፤ ይህም 2.62 ዲግሪ፤ 2.62 × 111 = 291 ኪ.ሜ.
ወደ ምዕራብ፦ 38°48′ − 37°19′ = 1°29′፤ ይህም 1.48 ዲግሪ፤ 1.48 × 109 = 161 ኪ.ሜ.

አንዱ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ስለሆነ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው። ስለዚህ የፓይታጎረስ ሕግ ይገባል። የ291 ካሬ 84,681፤ የ161 ካሬ 25,921፤ ድምራቸው 110,602፤ የዚህ ስኩዌር ሩት 333 ያህል ይሆናል። ካርታው የሰጠንን ማስመሪያ ሳንነካ አገኘነው ማለት ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ «ፓይታጎረስ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘንም።

እዚህ ላይ ልጆች የሚሰናከሉባት አንዲት ቦታ አለች። 2°37′ን 2.37 ብለው ይጽፋሉ። ዲግሪ እንደ ሰዓት በ60 ደቂቃ ነው የሚከፈለው። አንድ ሰዓት ከሠላሳ 1.30 ሰዓት እንዳልሆነ ሁሉ 37 ደቂቃም 0.37 አይደለም፤ 37ን ለ60 አካፍሎ 0.62 ማለት ያስፈልጋል። መጀመሪያ በሰዓት አስረድቶ ወደ ዲግሪ መሻገር ይቀላል።

ዘዴውን ከወደዳችሁት ላሊበላን ሞክሩ፤ 11°58′ ሰሜን፣ 38°59′ ምሥራቅ ነው። እኛ ስንሠራው 332 ኪሎ ሜትር ሆነ። ከባሕር ዳር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል! በመኪና ግን ላሊበላ በደሴና በወልድያ በኩል ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ማንም ሰው ሁለቱን እኩል ሩቅ ናቸው ብሎ አያስብም። ቦሌ፣ ባሕር ዳርና ላሊበላ ሁለት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ ሦስት ይሠራሉ፤ ሦስተኛው ጎን፣ ከባሕር ዳር ላሊበላ፣ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጂኦሜትሪ የሚያስተምሩ ጓደኞቻችን ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያሉ ከሚደክሙ ይህን ቢስሉት ይሻላል ባይ ነን።

የአየርና የምድር ርቀት ልዩነት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከዚህ ከዊንጌት በአስኮና በቡራዩ በኩል ሲወጣ ገፈርሳ አለ። የመጀመሪያው አውሮፕላን በአዲስ አበባ አካባቢ ያረፈው እዚያ ነው፤ በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ አውሮፕላን አንድሬ ማዬ በተባለ አብራሪ ከጅቡቲ ተነስቶ መጣ። የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ያ አውሮፕላን ቀጥታ ከበረረ ርቀቱ 565 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። (የባሕር ዳር የመኪና መንገድ ቁጥር ተመልሶ መምጣቱን ልብ ይሏል፤ ግጥጥሞሽ ነው።) የሰፈራችን ስም ባለቤት ዊንጌትም ይህን ልዩነት በእግሩም በአየርም ያየ ሰው ነው። በኅዳር 1933 ዓ.ም. ከካርቱም በትንሽ አውሮፕላን በርሮ ጎጃም ሰከላ ውስጥ ከኮሎኔል ሳንድፎርድ ጋር ተገናኝቶ ተመለሰ። ከሁለት ወር በኋላ ያው ሰው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በኦሜድላ በኩል በግመልና በእግር ሲገባ አዲስ አበባ እስኪደረስ 105 ቀን ፈጀ፤ ከጥር 12 እስከ ሚያዝያ 27። ጦርነት ስለነበረ ማነጻጸሩ ፍትሐዊ አይደለም፤ ቢሆንም ልጆች እንዲህ ያለውን አይረሱትም።

ወደ ጎደለው ግማሽ ሰዓት እንመለስ።

የመማሪያ መጽሐፉ አውሮፕላን ቦሌ ላይ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር እየሄደ ይፈጠራል፤ ባሕር ዳር ላይ በዚያው ፍጥነት ይጠፋል። እውነተኛው አውሮፕላን ግን ቆሞ ነው የሚጀምረው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ከቆመበት ተነስቶ እንደ መኪና እየነዳ እስከ መንደርደሪያው ጫፍ ይሄዳል። ከፊቱ የሚያርፍ ወይም የሚነሳ ሌላ ካለ ተራ ይጠብቃል። የበረራ ሰሌዳው ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከተንቀሳቀሰበት ጊዜ ነው፤ የሚያቆመውም ባሕር ዳር መቆሚያው ላይ ሲቆም ነው። መንኮራኩሩ መሬት ሲለቅ አይደለም።

ቀጥሎ የአቅጣጫ ጣጣ አለ። የቦሌ ሁለቱ መንደርደሪያዎች ጎን ለጎን ሆነው ከምዕራብ ደቡብ ምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ የተዘረጉ ናቸው። ባሕር ዳር ያለችው ግን በሰሜን ምዕራብ ነው፤ ቅድም በሠራነው ጎነ ሦስት ላይ ፕሮትራክተር ብታስቀምጡ ከሰሜን 29 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ነው። አውሮፕላን የሚነሳው ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ነው። ስለሆነም ነፋሱ ከምሥራቅ ሲሆን ወደ ምሥራቅ ተነስቶ ዞሮ ይመለሳል ማለት ነው። ባሕር ዳርም ሲደርስ እንደዚሁ ከመንደርደሪያው ጋር ለመስተካከል ይዞራል። 333 የነበረው ኪሎ ሜትር በዚህ የተነሳ ይጨምራል።

ሦስተኛው መውጣትና መውረድ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር፣ ባሕር ዳር ደግሞ 1,820 ሜትር ያህል ናቸው። አውሮፕላኑ እንጦጦንና ጮቄን በሰላም ለማለፍ፣ ነዳጅም ለመቆጠብ፣ ከእነዚህ ብዙ ከፍ ማለት አለበት። ሽቅብ ሲወጣ የሞተሩ ጉልበት ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ላይም ወደ ፊትም መግፋት ስላለበት 660 ላይ አይደርስም። ሲወርድ ደግሞ በጊዜ ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል። እንጦጦን በሸክም የወጣ ሰው የመጀመሪያውን አይጠይቅም፤ ሲወርድ ጉልበቱን ይዞ የወረደም ሁለተኛውን።

በእነዚህ ላይ ቁጥር አድርገን ሠራነው። ቁጥሮቹ ለክፍል ልምምድ የገመትናቸው ናቸው፤ የአብራሪ መዝገብ አይደሉም። በምድር ላይ ለመንዳትና ተራ ለመጠበቅ 10 ደቂቃ እንበል። ለመውጣት 12 ደቂቃ፣ በአማካይ በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር፤ ይህ 80 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ለመውረድና ለማረፍ 15 ደቂቃ፣ በአማካይ በሰዓት 420፤ ይህም 105 ኪሎ ሜትር ነው። ለመዞሪያ 25 ኪሎ ሜትር እንጨምርና ጠቅላላው የአየር መንገድ 358 ይሁን። ከዚህ ላይ 80ንና 105ን ስንቀንስ 173 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ያ ብቻ ነው በ660 የሚሄደው፤ 16 ደቂቃ ይፈጃል። ባሕር ዳር ካረፉ በኋላ እስከ መቆሚያው 5 ደቂቃ። ደምሩት፦ 10፣ 12፣ 16፣ 15፣ 5። 58 ደቂቃ!

ሰሌዳው ላይ ድምሩን ስንጽፍ ያቺ ልጅ ቀና አለች። «ተኝተሽ ይሆናላ» ያለው ልጅ ደግሞ «እንዴ፤ 16 ደቂቃ ብቻ?» አለ። እኛንም ያስገረመን ይኸው ነው። በጥያቄው ውስጥ የተጻፈው 660 እውነት የሚሆነው ከሰዓቱ ሩብ ለሚያህለው ጊዜ ብቻ ነው። በጠቅላላው ጉዞ አማካይ ፍጥነቱ 333 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ነው፤ የተጻፈውን ግማሽ ያህላል። ፊዚክስ ላይ «አማካይ ፍጥነት» እና «የቅጽበት ፍጥነት» እያልን ትርጉም ከምናስጠና ይህን አንድ ጉዞ ብንሠራ ሁለቱም ቃላት ራሳቸውን ያስረዳሉ።

አውሮፕላን ላይ ወጥቶ የማያውቅ ተማሪስ? በክፍላችን አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። ለእነሱ የከተማ አውቶቡስ ይበቃል። ከዊንጌት ተነስቶ መርካቶ የሚወርድ አውቶቡስ መንገድ ሲያገኝ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይሄድ ይሆናል፤ ግን ፌርማታ አለ፣ መብራት አለ፣ «ወራጅ አለ!» አለ። የቤት ሥራ ሰጥተናቸው ነበር፦ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ስትሳፈሩ የተነሳችሁበትንና የወረዳችሁበትን ሰዓት፣ የቆመበትንም ብዛት ጻፉ። በማግስቱ ይዘውት የመጡት ወረቀት ከእኛ ማስረጃ ሁሉ በለጠ። ያው የአውሮፕላኑ ታሪክ ነው፤ ልዩነቱ አውሮፕላኑ የሚቆመው ሁለት ቦታ ብቻ መሆኑ ነው።

በነገራችን ላይ የዊንጌት ሰው ባሕር ዳር ሲበር ትልቁ ጉዞ የአየሩ አይደለም። ከዚህ እስከ ቦሌ ቀጥታው መስመር 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠዋት መንገድ በተጨናነቀ ጊዜ ግን ከተማውን ለማቋረጥ አንድ ሰዓት ቢያልፍ የሚደነቅ የለም። በዚያ ላይ ቀድሞ ተገኝቶ መፈተሽ አለ። ከቤት እስከ ቤት አምስት ሰዓት ቢሆን ይበዛል አንልም። ይሁንና በመኪና ሙሉ ቀን ከሚፈጀው ጋር አይወዳደርም።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ። ጉዞው በረዘመ ቁጥር የመማሪያ መጽሐፉ ማካፈል ወደ እውነት እየቀረበ ይመጣል። ከቦሌ እስከ ዋሺንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጄቱ በሰዓት 890 ይበራል ብንል ማካፈሉ 13 ሰዓት ይሰጣል። ከዋሺንግተን ቦሌ ሳይቆም የሚመጣው አውሮፕላንም የሚፈጅበት 13 ሰዓት አካባቢ ነው። በመነሳትና በማረፍ የሚባክነው ግማሽ ሰዓት እዚህም አለ። ነገር ግን ከአንድ ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ሲባክን 50 በመቶ ነው፤ ከ13 ሰዓት ላይ ሲሆን 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስም ከኋላ ገፍቶ የተወሰነውን ይመልስለታል። እንግዲህ የበረራ ጥያቄ ሲወጣ አጭሩን ሳይሆን ረጅሙን ጉዞ መምረጥ አንዱ መፍትሔ ነው።

ይህ ረጅም ጉዞ ግን ፓይታጎረስን ዋጋ ያሳጣዋል። ኬክሮስና ኬንትሮስ ወስዳችሁ ቅድም እንደሠራነው ብትሠሩት የማይሆን ቁጥር ይወጣል። ምድር ክብ ናት፤ 333 ኪሎ ሜትር ላይ ክብነቷ አይታወቅም፣ 11,560 ላይ ግን ይታወቃል። እዚህ ላይ ሉልና ክር ያስፈልጋል። ክሩን በሉሉ ምድር ወገብ ላይ አዙራችሁ ለኩት። 100 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ሴንቲ ሜትር 400 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ክሩን አዲስ አበባና ዋሺንግተን ላይ ወጥሩት፤ 29 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። (ከቦሌ ባሕር ዳር በዚሁ ሉል ላይ 8 ሚሊ ሜትር ናት፤ የጣት ጥፍር ታህላለች።) የተወጠረው ክር የት የት እንደሚያልፍ ለልጆቹ አንብቡላቸው፦ ሱዳን፣ ሊቢያ፣ የቱኒዚያ ጫፍ፣ አልጄሪያ፣ ስፔን፣ ፖርቱጋል፣ ከዚያ አትላንቲክ። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ግን በማስመሪያ ብታገናኙት መስመሩ በሰሃራ በረሃ መካከል አልፎ ውቅያኖሱን በደቡብ በኩል ይሻገራል። ክሩ በውቅያኖሱ መካከል ወደ 45 ዲግሪ ሰሜን ይደርሳል፤ ዋሺንግተን ራሷ 39 ላይ ናት። አጭሩ መንገድ ከመነሻውም ከመድረሻውም በላይ ወደ ሰሜን ወጥቶ ይወርዳል ብሎ ማን ያምናል? ክሩን ካላዩ በስተቀር ማንም። ሉል ከሌለ ብርቱካንና ሁለት ስፒል ይዛችሁ ግቡ።

አንድ ጥያቄ ከልጆቹ መጣ፤ «ከዋሺንግተን ሳይቆም የሚመጣ ከሆነ ሲሄድ ለምንድነው የሚቆመው?» የሚል ነው። ዘመድ የሸኘ ልጅ ነው የጠየቀው። ወደዚያ የሚሄደው በረራ ለብዙ ዓመታት እንደየጊዜው በሮም፣ በደብሊን ወይም በሎሜ እያረፈ ነው የሄደው። ምክንያቱ የቦሌ ከፍታ ነው። 2,334 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚስበው ያንሳል። አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ መንደርደር ያስፈልገዋል፤ መንደርደሪያው ደግሞ ማለቂያ አለው። ስለዚህ ሰውና ዕቃ ሞልቶ፣ ለ11,560 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅም ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ሲሄድም ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። ደለስ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እዚያ ሞልቶ ይነሳል፣ ነፋሱም ከኋላው ነው። ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ የመሄጃውና የመምጫው ጊዜ የተለያየው በዚህ ነው።

ስለ ሰዓት አቆጣጠር ትንሽ ብለን እናብቃ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 13:10 ቢል በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ10 ነው፤ ስድስት መቀነስ ነው። ከውጭ አገር ሲሆን በተጨማሪ እዚያ ያለው ሰዓት ከእኛ በስንት እንደሚለይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ዋሺንግተን በክረምታቸው ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ለምሳሌ አንድ አውሮፕላን ከዋሺንግተን በ11:00 ተነሳ እንበል። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ 19:00 ነው። 13 ሰዓት ሲጨመር በማግስቱ 08:00፤ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ይህን ያልለየ ተማሪ ከ11:00 እስከ 08:00 ቆጥሮ «21 ሰዓት በረረ» ይላል።

ጥያቄውን ከመጽሐፉ እንሰርዘው አንልም። ማካፈል መማሪያ ነው፤ ይቆይ። ነገር ግን ፈተና ስናወጣ «አውሮፕላኑ መንገዱን ሁሉ በአንድ ፍጥነት ይበራል ብንል» የምትል አንዲት ሐረግ ብንጨምርበት ማንም አይበደልም። ከሥሯም «በእውነተኛው ጉዞ ከዚህ ለምን ይረዝማል? ሁለት ምክንያት ጻፍ» ብለን ሁለት ማርክ ብንሰጥባት ደግሞ አይቶ የመጣ ልጅ ያየውን የሚጽፍበት ቦታ ያገኛል። ይህን ሐሳብ ለሒሳብ ክፍል መምህሮቻችን አቅርበናል።

ለሠልጣኞች አንድ መልመጃ፦ የድሬዳዋ ማረፊያ 9°37′ ሰሜን፣ 41°51′ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ከፍታው 1,167 ሜትር ያህል ነው። ከቦሌ በአየር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አስሉ፤ ከ515 ኪሎ ሜትሩ የመኪና መንገድ ጋር አነጻጽሩ፤ ከባሕር ዳሩስ ጋር? የመውጫውን፣ የመካከሉንና የመውረጃውን ደቂቃ እንደ እኛ ገምታችሁ ጠቅላላውን ጊዜ አውጡ። ስትገምቱ የቦሌ መንደርደሪያ ወደየት እንደሚያይና ድሬዳዋ በየት በኩል እንዳለች አትርሱ። አሠራራችሁን ከነሥዕሉ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ሰሌዳ ሥር ካለው ሳጥን ውስጥ ጨምሩልን፤ የተሻለውን ከጎኑ እንለጥፈዋለን።